ዜና ይሰበራል ወይ? ለአንዲት ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ የምሠራው ገላን አካባቢ ባለ አንድ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ነው። አለቃችን የውጭ አገር ሰው ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፈውን ወደ አማርኛ መልሼ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ። ባለፈው አራት አጫጭር ዐረፍተ ነገር ጻፈልኝ። አራቱም ውስጥ ‹ብሬክ› የሚለው ቃል አለ። እኔም ‹ማሽኑ ተሰበረ። አቅራቢው ቃሉን ሰበረ። ረጅም ስብራት ይኖራል። ሰኞ ዜናውን ለሠራተኛው እንሰብራለን› ብዬ ለጠፍኩ። ሰው ሁሉ ሲስቅ ዋለ። ሜካኒኩ እስካሁን ባየኝ ቁጥር ‹ዛሬስ ምን ሰበርሽ?› ይለኛል። ‹ብሬክ› ሰበረ ማለት አይደለም ወይ? ስንት ትርጉም ነው ያለው? ሁሉንም መሸምደድ አለብኝ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ልብሽን ላሳርፈው። ‹ብሬክ› ሰበረ ማለት ነው። እዚህ ላይ አልተሳሳትሽም። ብርጭቆ፣ እርሳስ፣ መስኮት፣ እግር ሲሆን ከሰበረ ሌላ ቃል አያስፈልግሽም። ስሕተቱ ቀጥሎ ነው የመጣው። ቃሉን ያዝሽ፤ ዕቃውን ግን አላየሽም። ምን ማለቴ እንደሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳሽ። መሸምደዱን ግን ከአሁኑ ተዪው። ትልልቆቹ መዝገበ ቃላት ለዚህች ቃል ገጽ በገጽ ፍቺ ይደረድራሉ። ያንን በቃሉ ይዞ የተረጎመ ሰው አላውቅም።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙ ሳይርቅ፣ መንገድ ዳር ሸክላ ዘርግተው የሚሸጡ እናት አሉ። ሰሞኑን ጀበና ልገዛ ሄጄ ነበር። እማማ አንዱን አንሥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። በጣታቸው አንጓ ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉት። ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ። «ይሄ ደህና ነው» አሉ። ሌላውን አንሥተው መቱ። ድምፁ ታፈነ። «ይሄ ተሰንጥቋል፤ አይታይህም እንጂ» ብለው ወደ ጎን አደረጉት። አፉ ላይ ጥፍር የምታህል የጎደለችውን ሦስተኛ ደግሞ አሳዩኝ። «ይቺ ተሸርፋለች እንጂ ቡናውን ታፈላለች፤ ከፈለግህ ቀንሼ ልስጥህ» አሉኝ። ከኋላቸው አንገቱ የተሰበረ አንድ ጀበና አለ። ከዚያ ወዲያ ከመኪና ሲወርድ የወደቀ እንስራ እንክትክቱ ወጥቶ ተከምሯል።

ተሰነጠቀ፣ ተሸረፈ፣ ተሰበረ፣ እንክትክቱ ወጣ። ሁሉም ሸክላ ነው፤ ግሱ ግን አራት ነው። እንግሊዝኛም እዚህ ላይ አይሰንፍም። ክራክ፣ ቺፕ፣ ብሬክ፣ ሻተር እያለ ይለያቸዋል። ሸክላ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች እኩል ናቸው።

የሚለያዩት ዕቃው ሲለወጥ ነው። ገመድ ሲሆን እኛ ተበጠሰ እንላለን። እንግሊዝኛው አሁንም ብሬክ ይላል። ዳቦ ሲሆን ቆረሰ እንላለን። እንግሊዝኛው ብሬክ። ቅርንጫፍ ከግንዱ ተገነጠለ፣ ጎርፍ ክትሩን ጣሰው። በእንግሊዝኛ እዚህም ብሬክ ትገባለች። አማርኛ ግሱን የሚመርጠው ዕቃው ምን ዓይነት ነው ብሎ ነው። ደረቅ ነው? ክር ነው? ለስላሳ ነው? የእንግሊዝኛዋ ቃል ግን የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተያይዞ የነበረው አሁን ተያይዟል ወይስ አልተያያዘም? ሙሉ የነበረ፣ ያልተቋረጠ የነበረ ነገር መያያዙ ሲቀር፣ ከምንም ይሠራ ከምን፣ ብሬክ ነው።

ቃሏ በጣም አሮጌ ናት። ጀርመኖች ዛሬም ብሬሸን ይሏታል። ከላቲኑ ፍራንጌሬ ጋር ሥራቸው አንድ ነው። ከላቲኑ በኩል ነው ሐኪሞች ስብራትን ፍራክቸር የሚሉት፤ የሒሳብ መምህራንም ክፍልፋይን ፍራክሽን የሚሉት። ቁጥሩ ተሰብሯልና። ሒሳብ ካነሣን አይቀር፣ አልጀብራ የሚለው ስም ከዓረብኛው አልጀብር የመጣ ነው። የተለያየን መልሶ መግጠም፣ የተሰበረን አጥንት መጠገን ማለት ነው። ስፓኞች ድሮ ወጌሻን አልጀብሪስታ ይሉት ነበር። ይህን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ቃል፣ ሕግ፣ ጾም፣ ትዳር በእጅ አይዳሰሱም። ግን እያንዳንዱ ቋንቋ ዕቃ አስመስሎ ያያቸዋል። ስለዚህ ጥያቄሽ «ብሬክ ምን ማለት ነው?» መሆን የለበትም። «ይህን ነገር አማርኛ ከምን የተሠራ አድርጎ ነው የሚያየው?» ብለሽ ጠይቂ። ያኔ ግሱ ራሱ ይመጣልሻል። አንቺ አማርኛ ስትናገሪ ነው ያደግሽው። መልሱ አፍሽ ላይ አለ።

ቃልን እንይ። አንድ ሰው «እከፍልሃለሁ» ብሎ ቢቀር ቃሉን አጠፈ እንላለን። ቃል ጋቢ ነው ማለት ነው፤ ተዘርግቶ ነበር፣ ታጠፈ። ወይም ቃሉን በላ እንላለን። እዚህ ጋ ወጥመድ ስላለ ተጠንቀቂ። እንግሊዞችም ቃሉን በላ የሚሉት ነገር አላቸው። የእነሱ ግን ሌላ ነው። አንዱ አፉን ሞልቶ የተናገረው ነገር ስሕተት መሆኑ ታውቆ፣ በሰው ፊት «ተሳስቻለሁ» ሲል ነው ቃሉን በላ የሚሉት። የኛው ቃል በይ ከሃዲ ነው። የእነሱ ቃል በይ ስሕተቱን ያመነ ነው። ይህን አዛብቶ የሚተረጉም ሰው፣ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ የጠየቀውን ሰው ከሃዲ አድርጎ ያስቀረዋል።

ሕግስ? አማርኛ ሕግን እንደ አጥር ያየዋል። ሕግ ጣሰ ነው የምንለው። አንቺ በምትሠሪበት አካባቢ ማሳውና ፋብሪካው ጎን ለጎን ስለሆነ ሳታዪው አትቀሪም። በሬ አጥር ጥሶ ጤፍ ውስጥ ሲገባ አጥሩን አይሰብረውም። ረግጦት ነው የሚያልፈው። ሕግ ጣሽም እንደዚያ ነው። እንግሊዝኛው ግን ሕግን ሙሉ ዕቃ አድርጎ ስለሚያየው ብሬክ ይላል።

ትዳር ለኛ ቤት ነው፤ ይፈርሳል። ወይም ቋጠሮ ነው፤ ሰዎቹ ይፋታሉ። ፍቺ የሚለው ስም ራሱ ከፈታ የመጣ ነው። ተስፋ ገመድ ነው፤ ይቆረጣል። ንጋት ጨርቅ ነው፤ ጎህ ይቀዳል። ይህችኛዋን በጣም እወዳታለሁ። እንግሊዞች ቀኑ ተሰበረ የሚሉበትን ሰዓት እኛ ጎህ ቀደደ እንላለን። ሁለቱም ሌሊቱን አንድ ሙሉ ነገር አድርገው ነው ያዩት። እነሱ ሲሰነጠቅ፣ እኛ ሲቀደድ አየነው። ፈረስ ሲሆን ደግሞ እንግሊዝኛው ብሬክ ሲል አማርኛ ገራ ይላል። እኛ ጋ መግራት ከፈረስ አልፎ ለምላስም ሆኗል። የተገራ አንደበት ስንል ልጓም ያለው፣ ያሻውን የማይዘረግፍ ማለታችን ነው።

ጾም ላይ ትንሽ ልቆይ። እንግሊዝኛው ጾምን ይሰብራል፤ ስለዚህ የጠዋቱን ምግብ ብሬክፋስት አለው። ጾም ሰባሪ ማለት ነው። የሌሊቱን አለመብላት እንደ ጾም ቆጥሮ ነው። በኛ ጾም ይፈታል። የታሰረ ነገር ነውና። ክርስቲያኑ ይፈስካል፣ ሙስሊሙ ያፈጥራል። ማፍጠር ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ በዓረብኛ የቃሉ ሥር መሰንጠቅ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ቁርስ የሚለውን ቃላችንን ልብ በይው። ከቆረሰ ነው የመጣው። ዳቦ ቆረሰ፣ ቁራሽ፣ ቁርስ። እንግሊዙ የሚሰብረው ጾሙን ነው፤ እኛ የምንሰብረው ዳቦውን ነው። ጠዋት ማዕድ ላይ ስንቀርብ ሁለታችንም አንድ ነገር ሰብረን ነው የምንጀምረው።

ገንዘብም አለ። መቶ ብር ይዘሽ ታክሲ ገብተሽ ወያላው «ዝርዝር የላችሁም?» ሲል ታውቂዋለሽ። እንግሊዙ ብሩን ብሬክ አድርግልኝ ይላል። እኛም ሸርፍልኝ እንላለን፤ ትናንሹን ሽራፊ ሳንቲም እንለዋለን። የእማማ ጀበና አፉ ላይ የጎደለችው ሽራፊና ኪስሽ ውስጥ ያለው ሽራፊ አንድ ቃል ነው። ገንዘብ ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ እንግሊዙ ብሮክ ነኝ ይላል። ይህን «ተሰብሬያለሁ» ብለሽ እንዳትተረጉሚ። የሰፈራችን ልጆች ቺስታ ነኝ የሚሉት እሱ ነው። ማስታወቂያ ላይ ከሆነ «ገንዘብ የለኝም» ይበቃል።

በጥንቃቄ እንድታነቢው የምፈልገው ስለ ልብ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ቃል ይዘው ሌላ ሌላ ነገር ይላሉ። የእንግሊዝኛው የተሰበረ ልብ በዕለት ንግግር የፍቅር ቁስል ነው፤ የተለየችው፣ የከዳችው። የኛ የተሰበረ ልብ ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣው። በመዝሙረ ዳዊት 50 ላይ እግዚአብሔር የማይንቀው ተብሎ የተነገረለት የተሰበረና የተዋረደ ልብ አለ። ትዕቢቱን የጣለ፣ የተጸጸተ ልብ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስም እዚያ ቦታ ላይ ብሬክን ይጠቀማል። በዕለት ንግግር ግን ትርጉሙ ወደ ፍቅር ሄዷል። ለአያትሽ ስለ አንድ ሰው «ልቡ ተሰብሯል» ብትያቸው «ተመስገን» ሊሉ ይችላሉ። ለታናሽ ወንድምሽ ብትዪው «ማን ናት?» ብሎ ይጠይቅሻል።

አማርኛ ከሰበረ ውስጥ ትሕትናንና ዝግ ማለትን ማውጣት ይወዳል። አንገቷን ሰበር አደረገች። ዓይኑን ሰበር አድርጎ መለሰ። ፀሐዩ ሰበር ሲል እንሄዳለን። ነጋዴው ዋጋ ሰብሮ ሸጠ። አንዱም ላይ ቁርጥራጭ የለም። ከፍ ያለው ዝቅ አለ፣ የበረታው ለዘብ አለ ነው። ይህ የኛ ሰበረ መንገድ ነው። እንግሊዝኛው ሙቀት ወይም ትኩሳት ሲለቅ ብሬክ ማለቱ ትንሽ ይቀርበዋል። አንገትና ዓይን ላይ ግን አትሞክሪው። «አንገቷን ሰበረች»ን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ብትመልሺው አምቡላንስ ይጠራሉ።

«ሳየው ልቤ ተሰበረ» የሚል እንግሊዝኛ ቢመጣልሽ፣ ነገሩም ስለ ተራበ ሕፃን ቢሆን፣ ልብን ተዪው። የኛ ርኅራኄ ያለው አንጀት ውስጥ ነው። «አንጀቴን በላው» በዪ። ቢፈልግ አንጀት ይላወስ፣ ሆድ ይባባ። ተስፋ ያስቆረጠ ነገር ከሆነ ቅስሙ ተሰበረ አለልሽ።

አንድ ነገር ላንሣ። በ1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጃፓን ውስጥ ሐኪሞች አንድ የልብ ሕመም ለይተው ጻፉ። ከከባድ ኀዘን ወይም ድንጋጤ በኋላ የልብ ግራ ክፍል ቅርጹ ይለወጥና ደም በደንብ መርጨት ያቅተዋል። በአብዛኛው ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶችን ይይዛል። ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። በእንግሊዝኛ የተሰበረ ልብ ሕመም ይሉታል። ሰዎች ለዘመናት በምሳሌ ሲናገሩት የኖሩት ነገር ሐኪም የሚጽፈው ስም ሆነ። ይህን ስትተረጉሚ ሰበረን አትሽሺው፤ እዚህ ቦታው ነው።

እናቶቻችን «ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል» ይላሉ። የእንግሊዝ ልጆች ሲሰደቡ የሚመልሱት አባባል ደግሞ ተቃራኒውን ይላል። ዱላና ድንጋይ አጥንቴን ይሰብር ይሆናል፣ ቃል ግን አይጎዳኝም ነው የሚሉት። እኔ የእናቶቻችን ይበልጥ እውነት ይመስለኛል። ሰሌዳው ሥር የቆመ ሠራተኛ የሚሰማውን ካሰብሽ አንቺም ትስማሚያለሽ።

«ታዲያ ሰበር ዜና የሚባለው ምንድን ነው?» ትዪኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እሱ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተወሰደ ነው። በመደበኛው ፕሮግራም መሃል ጣልቃ የሚገባ ትኩስ ወሬ ነው። አሁን ለምደነዋል። ሰው ሁሉ የገባውን ቃል ከአፉ ላስጥለው አልልም። ግን ስም ሆኖ ብቻ ነው የገባው፤ ግስ አልሆነም። ሰበር ዜና አለ፣ ዜና ሰበረ ግን የለም። አንቺን ያሳሳተሽ ይህ ይመስለኛል፤ ስሙን ስለምትሰሚ ግሱም ያለ መሰለሽ። ክብረ ወሰን ላይ ግን ግሱም ገብቷል። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ፣ ክብረ ወሰን ሰበረችም አሻሻለችም ተባለ። እኔ አሻሻለችን እመርጣለሁ፤ የተሻለ ሰዓት አስቀመጠች እንጂ ያጠፋችው ነገር የለም። ሰበረች ብትዪም ማንም አይስቅብሽም።

የፍርድ ቤቱ ሰበር ደግሞ ሌላ መንገድ ነው የመጣው። ሰበር ሰሚ ችሎት መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን የመጨረሻ ፍርድ የሚያይ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ እንዲሆን መጀመሪያ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 454/1997 ነበር። ፈረንሳዮች ይህን ዓይነት ፍርድ ቤት በ1790 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አቋቁመዋል። ካሴ የሚለው ግሳቸው ሰበረ ማለት ነው፤ ፍርድ ሻረ ማለትም ነው። የኛ ሰበር ከዚያ ጋር ነው የሚገጥመው። ስለዚህ «ጉዳዩ ሰበር ደርሷል» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሺ ብሬክን እንዳትነኪያት። እንግሊዝኛው ለዚህ ካሴሽን የሚል ቃል አለው።

አሁን ማስታወቂያሽን እንሥራ።

ማሽኑ። አክስሉ ለሁለት ተከፍሎ ከሆነ ተሰበረ ልክ ነው። ዝም ብሎ ቆሞ ከሆነ ተበላሸ ነው። ወጡም ሲሻግት፣ ሞተሩም እምቢ ሲል፣ ልጁም መስመር ሲለቅ አማርኛ ተበላሸ ነው የሚለው። ሜካኒኩን ጠይቂው። «ምን ሰበርሽ?» ሲልሽ «አንተ ንገረኝ፤ ተሰብሯል ወይስ ተበላሽቷል?» በዪው። ልዩነቱን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

አቅራቢው። በቢሮ ጽሑፍ ላይ ቃሉን በላ ይከብዳል፤ ስድብ ይመስላል። የተፈረመ ውል ካለ «ውሉን አላከበረም» በዪ። በቃል ብቻ ከሆነ «በገባው ቃል መሠረት አላቀረበም» ይሻላል።

ረጅሙ ስብራት። እዚህ ላይ እረፍትም አትበዪ። እረፍት ሻይ የሚጠጣበት ነው። ሥራን አማርኛ እንደ ክር ያየዋል፤ ስለዚህ «ሥራው ለረጅም ጊዜ ይቋረጣል» ነው።

ዜናው። ይህኛው ከሁሉም ይበልጣል። በእንግሊዝኛ አንድ ሰው ዜናውን ለሌላው ብሬክ ያደርጋል ሲባል፣ ዜናው አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ነው። ተናጋሪውም ያንን ያውቃል። ታሽጎ የቆየ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱ ነው። ቃሉ ውስጥ ጥንቃቄ አለ። አለቃሽ «ሰኞ እነግራቸዋለሁ» ብቻ አላለም። «ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ራሴ አፍ ለአፍ እነግራቸዋለሁ» ነው ያለው። ሰዉ ሲስቅ ያ ጥንቃቄ ጠፋ። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከአቃቂ በሌሊት ተነሥቶ የሚመጣ ሠራተኛ ሥራው መቆሙን ሲሰማ በዚያ ጥንቃቄ ሊነገረው ይገባል።

መርዶ የሚለውን ቃል ግን አትጠቀሚ። መርዶ የሞት ነው። ማርዳት ሥርዓት አለው። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ በጠዋት ቤት ድረስ ይኬዳል። ለማሽን አይሆንም። እኔ ገለጸ የሚለውን እወስዳለሁ። የገለጠ ወንድም ነው። የድስት ክዳን ገለጠች እንደምንለው ማለት ነው። ተከድኖ የነበረው ይከፈታል። «ሁኔታውን ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ለሠራተኛው ይገልጻሉ» ብለሽ ጻፊ። «ራሳቸው» የምትለዋን እንዳትተዪያት። የእንግሊዝኛው ጥንቃቄ የገባው እሷ ውስጥ ነው።

በደብዳቤሽ ግርጌ ስለ ፎርክሊፍቱ የጠየቅሽኝም አለ። «ብሬክ ይፈተሽ የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ እሱስ የቱ ስብራት ነው?» ብለሻል። እሱ ሌላ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ድምፁ አንድ ነው፣ ፊደሉ ግን ይለያል። ፍሬን ነው። ፍሬን የምንለውን ከጣሊያንኛ ነው የወሰድነው። ፍሬን ሲጠፋ ደግሞ አማርኛ ተሰበረ አይልም፤ ፍሬኑ ተበጠሰ ይላል። ወረቀቱን ወደ አማርኛ ስትመልሺው «ከመነሣትህ በፊት ፍሬን ፈትሽ» ብለሽ በትልቁ ጻፊው።